የንግሥቲቱ አሽከር የነበረው ቀራፂ

በርሊን ሄዳችሁ ቻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥትን የምታዩ ከሆነ ዋናውን ህንፃ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፣ ጓሮው ፓርክ ውስጥ ያለው መቃብር ቤት ግቡ። የፕሩሲያዋ (የድሮ የጀርመን መንግሥት ናት) ንግሥት ሉዊዘ እዛ በእብነ በረድ ተቀርፃ ተኝታለች። የሞተች አትመስልም፣ በቃ እንቅልፍ የወሰዳት ነው የምትመስለው፣ ጭንቅላቷ ዘንበል ብሏል፣ እጆቿ ደረቷ ላይ ናቸው፣ እግሮቿ ከስስ ልብሷ ስር ተነባብረው ይታያሉ። ድንጋይ መሆኑን እያወቅኩ እንኳን ልብሱን ትንፋሿ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ይመስለኛል።

የሰራው ክርስቲያን ዳንኤል ራውኽ ነው፣ እና ሰውየው እኮ የራሷ የሉዊዘ የእልፍኝ አሽከር ነበር! በ1777 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አሮልሰን የምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፣ ልጅ ሆኖ ቅርፃቅርፅ ተምሯል፣ ግን ወንድሙ ሲሞት በ20 ዓመቱ ቤተ መንግሥት ገብቶ ማገልገል ጀመረ። እያገለገለም መቅረፁን አልተወም፣ በ1804 ተፈቅዶለት ሮም ሄደ። በ1810 ሉዊዘ ገና በ34 ዓመቷ ስታርፍ እነ ካኖቫና ቶርቫልድሰን የመሳሰሉ ስመ ጥር ቀራፂዎች እያሉ ስራው ለሱ ተሰጠ። እኔ ትክክለኛው ሰው ተመረጠ ነው የምለው፣ ሌሎቹ ቆንጆ ንግሥት ይቀርፁ ነበር፣ እሱ ግን የሚያውቃትን ሴት ነው የቀረፀው።

ሐውልቱ ጣልያን ተሰርቶ አልቆ በመርከብ ሲላክ ደሞ ጊዜው አሜሪካና እንግሊዝ የሚዋጉበት ነበር፣ አሜሪካኖች መርከቡን ማረኩት፣ እንግሊዞች መልሰው ቀሟቸው፣ እንደዛ ተንከራትቶ በ1815 ቦታው ደረሰ።

ከዛ በኋላ ስራው በላይ በላዩ መጣ፣ ኑርንበርግ ያለው የሰዓሊው የዱሬር ሐውልት የሱ ነው። ትልቁ ግን በርሊን ኡንተር ዴን ሊንደን ላይ ያለው ባለ ፈረሱ የፕሩሲያ ንጉሥ ታላቁ ፍሪድሪሽ ነው፣ ከመሬት እስከ ጫፉ 13 ሜትር ያልፋል፣ በ1851 ሲመረቅ ራውኽ 74 ዓመቱ ነበር። ከስር ዙሪያውን የዘመኑ ሰዎች በሰው ቁመት ቆመዋል፣ ፊት ለፊትና ጎን ለጎን በአብዛኛው ጀነራሎች፣ እነ ፈላስፋው ካንትና ደራሲው ሌሲንግ ግን ከኋላ ከፈረሱ ጭራ ስር ናቸው፣ ይሄ ነገር ሁሌም ይቆጨኛል። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ከፊት ነው፣ እናንተ ዞር በሉና የኋላውን እዩ፣ ካንትና ሌሲንግን ቆመው እያወሩ ታገኟቸዋላችሁ።