እናቴን «እጢ ነው» አልናት

የታመመ ሰው ይዛችሁ ሆስፒታል ለምትሄዱ፣ ስለ ካርድ ማውጣትና ናሙና መስጠት ብዙ አልልም። በጠዋት ሂዱ፣ ወረቀቱን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ስንቅ ያዙ። በቃ።

እኔ የተበላሸሁት ውጤቱ የወጣ ቀን ነው። ሐኪሙ እናቴን ትቶ እኔን ጠራኝ። «የጡት ካንሰር ነው። ለሷ አትንገሯት፣ ሞራሏ ይወድቃል» አለኝ። ኮሪደር ላይ፣ ቆመን፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ። ሕመሙ የሷ፣ ወሬው የኔ! እኔም ሞኙ «እሺ ዶክተር» ብዬ ወጣሁ። ዛሬም ያናድደኛል፤ ከሱ ይልቅ በራሴ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም እኔ ቤት ከእህቶቼ ጋር መከርን። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ በሌሊት ነው የሚነገረው፤ ይሄን ማን ይደፍራል? «እጢ ነው» አልናት። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። በየ21 ቀኑ የሚሰጠውን ኬሞ፣ የካንሰሩን መድኃኒት፣ ደግሞ «ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ነው» አልን።

የመጀመሪያውን የወሰደች ማታ ሽንት ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም።»

ሊነጋ ሲል ውሃ ስትደፋ ሰማሁ። ሽንቷ ቀልቶ፣ ደም የሚፈሳት መስሏት፣ እኛ እንዳናይ በበረኪና ወለሉን እያጠበች ነበር። ኬሞው ውስጥ ያለው ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት ራሱ ቀይ ነው። ሽንትን አንድ ሁለት ቀን ያቀላል፣ ጉዳት የለውም። ነርሷ ይሄን ነግራኝ ነበር። «የምን መድኃኒት ነው እንዲህ የሚያደርገው?» ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ዋጥኩት። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ሞቷን ስትጠብቅ አደረች።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ጨርቁን ጨመቀችና፣

«ካንሰር መሆኑንማ አውቃለሁ። ሆስፒታል አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ‹ያንቺስ የቱ ጡት ነው?› አለችኝ። እዚያ በሩ ላይ የተጻፈውንም ማንበብ አያቅተኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተ እንዳትደነግጡብኝ ነዋ።»

ስለዚህ ሐኪም ምንም ይበል፣ በሽተኛዋን ይዛችሁ ግቡ። መስማት ካልፈለገችም ራሷ ትበል። ፀጉሯ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚረግፍ ቀድማ ትወቅ። እኛ ሳይጀምር በመቀስ አሳጠርነው፤ ትራስ ላይ ከማግኘት ይሻላል። «ጠንከር በይ» የሚለውን ጠያቂ ቶሎ ሸኙት። ብርቱካን ይዞ መጥቶ በካንሰር ስለሞተች አክስቱ የሚያወራውንማ ከበር መልሱት፣ ይቀየም።

የቡና ሰው ግን ፈልጉላት። የእናቴ ጎረቤቶች ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ተበታትነዋል። አሁን የቡና ወዳጇ ያቺው «የቱ ጡት ነው?» ያለቻት ሴትዮ ናት። በቀጠሮ ዋዜማ ይደዋወላሉ። ትናንት ማታ እናቴ ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መሃል ይዛ ሻሿን እያጠፈች፣ «ነገም ቀዩ ነው አይደል? እንግዲህ ቀድመሽ ከደረስሽ ወንበር ያዢልኝ» ስትል ሰማኋት።