«አፉን አልፈታም» ብቻ ይዛችሁ ካርድ አታውጡ

ባሕር ዳር ውስጥ የልጁ ንግግር የዘገየበት ወላጅ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፦ «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር»፣ «እንጥሉን አስቆርጡት»። ዓመት ያልፍና በመጨረሻ ካርድ ይወጣል። ወላጅ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ በእጁ ያለችው ግን «አይናገርም» የምትል አንዲት ቃል ናት። ተራው ረጅም፣ የሐኪሙ ጊዜ አጭር፣ ልጁም እንግዳ ክፍል ገብቶ ጭጭ ብሏል። «ታገሱ፣ ይናገራል» ተብሎ መመለስ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር።

ደብተሩን ለሁለት ሳምንት ሙሉት። ገጹን በሦስት አምድ ክፈሉት፦ ልጁ ሊል የፈለገው፣ ከአፉ የወጣው ልክ እንደተሰማ፣ የተረዳው ሰው። «ሳሙና፣ ታሙና፣ እናት ብቻ»። «ካልሲ፣ ታልቲ፣ እናትና እህት»። «ባጃጅ፣ ባዳድ፣ ባለሱቁም ጭምር»። እያሳመራችሁ አትጻፉ፤ «ታልቲ»ን አርማችሁ «ካልሲ» ካላችሁ ለባለሙያው የሚጠቅመውን ነገር ሰረዛችሁት ማለት ነው። ውሻ ባየ ቁጥር «ዉዉ» የሚል ከሆነ ያም ቃል ነው፣ ይቆጠርለት። ከደብተሩ ጋር ቤት ውስጥ ሲጫወት የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያዙ። እየቀረጻችሁ «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» አትበሉት፤ ጥያቄ ሲበዛበት ዝም ይላል፣ ቪዲዮውም የእናንተ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ማነጻጸሪያ የሚሆኑ መለኪያዎች አሉ። በ1 ዓመት አካባቢ «እማ»፣ «አባ» ብሎ መጥራት፣ በ18 ወር ከእነዚህ ሌላ ቢያንስ 3 ቃል፣ በ2 ዓመት ሁለት ቃል ማጣመር፣ በ2 ዓመት ተኩል 50 ያህል ቃል ይጠበቃል። 4 ዓመት ሲሞላው የማታውቀው የጉልት ነጋዴ እንኳ አብዛኛውን ንግግሩን መረዳት አለባት። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሁለት ቃል ማጣመር» የሚለው መለኪያ ለእንግሊዝኛ ይመቻል፤ የአማርኛ ግስ ግን ብቻውን ዓረፍተ ነገር ይሆናል። «ስጠኝ» ያለ ልጅ ድርጊቱንም፣ የታዘዘውንም ሰው፣ ራሱንም በአንድ ቃል ጠቅልሏል። ስለዚህ ቃል ስትቆጥሩ ጭራውንም መዝግቡ፦ «በላ»ን ከ«በላሁ» ይለያል? «አልፈልግም» ሲል «አል» የምትለዋን ይውጣታል? ቤት ውስጥ አዊኛም አማርኛም የሚነገር ከሆነ የሁለቱን ቃላት ደምሩ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም፤ «አንዱን ተዉት» የሚሉ ሰዎች አያቱን ከልጁ ከመነጠል በቀር የሚፈይዱት ነገር የለም።

ለመጠበቅ ጊዜ የማይሰጠውም አለ፦ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ18 ወሩ በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ፣ ወይም ይላቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ።

ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትም ሂዱ ጥበበ ግዮን፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ የጆሮ ምርመራ ይሁን። «በር ሲንኳኳ ይዞራል፣ ጆሮውስ ደህና ነው» ማለት ብዙ ሰው ያዘናጋል። በርና የባጃጅ ሞተር ወፍራም ድምፅ ናቸው፤ ስ፣ ሽ እና ፍ ግን ቀጭንና ደካማ ስለሆኑ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ከ3 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሞከራል፦ ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ፣ አፋችሁን በወረቀት ከልሉ፣ ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ም፣ ስ፣ ሽ የሚሉትን ስድስት ድምፆች አንድ በአንድ በተለመደ የንግግር ድምፅ በሉ። በሰማ ቁጥር አንድ ቆርኪ ኩባያ ውስጥ ይክተት። በመሃል ዝም የምትሉበት ጊዜ ይኑር፣ አለበለዚያ በግምት ይከታል። ይህ የሐኪሙን ምርመራ አይተካም፤ «ስ እና ሽን አልሰማም» ብላችሁ ለመግባት ግን ይረዳችኋል።

ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ሕመምም መግልም ላይኖረው ይችላል፤ ሰው ሲያወራው ግን ጣና ውስጥ ጠልቆ እንደሚያዳምጥ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ስለሚደርቅ «እንጠብቅ» መባሉ ስህተት አይደለም። ስህተቱ የቀጠሮ ቀን ሳያስጽፉ መመለስ ነው።

እንጥል ማስቆረጥን በተመለከተ መለሳለስ አያስፈልግም። አማርኛ በእንጥል የሚሠራ ተነባቢ የለውም፤ ቢቆረጥ የሚፈታ አፍ የለም። ትርፉ መድማት፣ መመርቀዝ፣ አንዳንዴም ሞት ነው፤ የላንቃው ለስላሳ ክፍል አብሮ ከተነካ ደግሞ ንግግሩ በአፍንጫ የሚወጣ ይሆናል። የታሰረ ምላስም (ከሥሩ ያለው ስስ ሥጋ አጥሮ የያዘው) እንዲሁ ያለ ስሙ ስም ይሰጠዋል። ጡት መጥባት ሊያስቸግር ይችላል፣ የምላስ ጫፍ የሚፈልጉ ጥቂት ድምፆችንም ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ልጅን ቃል አልባ አያደርግም። ጸበል የሚወስዱ ይውሰዱ፣ የጆሮ ምርመራው ግን በዚያ ምክንያት አይቅር።

ጆሮው ደህና ከሆነ ጥያቄው «ችግሩ የትኛው ነው?» ወደሚለው ይዞራል። ደብተሩ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ከ»ን ሁልጊዜ «ተ» የሚያደርግ ከሆነ ስህተቱ ሥርዓት አለው፤ ይህ የድምፅ ሥርዓት ችግር ነው። «ባጃጅ» አንዴ «ባዳ»፣ አንዴ «ጃባ»፣ አንዴ «አጅ» ከሆነ፣ ቃሉ በረዘመ ቁጥር ከባሰ፣ አፉም ቦታውን የሚፈልግ ከመሰለ፣ አንጎል የአፍን እንቅስቃሴ በማቀናጀት የሚቸገርበት አፕራክሲያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ልምምድ አይጠቅማቸውም። ለአፕራክሲያ ከ3 እስከ 5 አጫጭር ቃላት መርጦ በቀን ደጋግሞ፣ ትንሽ ትንሽ ማስባል ይሻላል። አናባቢው ቀላል የሆነና ልጁ በየቀኑ የሚፈልገው ቃል ይሁን፤ «አሳ»፣ «ና»፣ «በቃ»።

ለድምፅ ሥርዓት ችግር ግን አማርኛ ግሩም መሣሪያ አለው፦ «ከፋው»፣ «ተፋው»፣ «ጠፋው»። ሦስት ሥዕል ሳሉ፤ ያኮረፈ ልጅ፣ ውሃ የሚተፋ ልጅ፣ አንድ ጫማው የጠፋበት ልጅ። መጀመሪያ እናንተ ትላላችሁ፣ እሱ ይጠቁማል። ከ10 ሙከራ 8 ካገኘ ቦታ ተቀያየሩ፤ እሱ ይናገራል፣ እናንተ ያለውን ታነሣላችሁ። ከፋውን ፈልጎ «ተፋው» ካለ የሚተፋውን አንሡለት። ማረም የለም፤ ያልፈለገው ሥዕል ሲነሣ ልዩነቱ ትርጉም እንዳለው ራሱ ያየዋል። ጨዋታው የሚሳነው ብዙውን ጊዜ «ከ» ጨርሶ ከአፉ የማይወጣ ከሆነ ነው። ያኔ መጀመሪያ ድምፁን ፈልጉ፦ በጀርባው ይተኛ፣ አፉን ከፍቶ «አክ» ይበል፤ የምላሱ ጫፍ ከተነሣ በማንኪያ እጀታ ቀስ ብላችሁ ያዙት። ተ እና ጠ ለሚምታቱበት መዳፉን አፉ ፊት ያድርግ፤ ተ ሲል ትንፋሽ ይነካዋል፣ ጠ ሲል እምብዛም። አሥር ደቂቃ በቀን ሁለቴ ይበቃል። ቤተሰብ መጀመሪያ ማረም የሚፈልገው «ረ»ን ነው፣ «በሬ»ን «በሌ» ማለቱ ስለሚያስቅ ይመስለኛል። ረ ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ «ለ» ቢለው አያስደነግጥም። በ«በራ» እና «በላ» የሚሠራው ጨዋታ ለኋላ ይቆይ።

መንተባተብ ሌላ ነገር ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በብዙ ልጆች በራሱ ይጠፋል። ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ በቤተሰቡ የሚንተባተብ ካለ፣ ወይም ሲናገር ፊቱ የሚጨማደድ ከሆነ ግን ባለሙያ ይየው። «ቀስ በል»፣ «ትንፋሽህን ሰብስብ» ማለትና ቃሉን ቀምቶ መጨረስ ያብሱበታል። ቀስ ማለት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ትኬት የምትቆርጡ ከሆነ «ምዘና አድርጉልን» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። በጽሑፍ የምትወስዱት ይህ ይሁን፦ የትኛው ድምፅ መጀመሪያ፣ በቃል ደረጃ ነው ወይስ በሐረግ፣ በቀን ስንት ሙከራ፣ ስንት ከ10 ሲያገኝ ወደሚቀጥለው ይታለፋል፣ ካልሆነለትስ ምን ይደረጋል። በየወሩ ቪዲዮ በቴሌግራም ተቀብለው የሚያዩላችሁ መሆኑንም ጠይቁ።

ትምህርት ቤት ሲገባ የሚሰጠው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ልጁ ምን ያህል እንደሚረዳ፣ ያልገባቸው ጊዜ «አሳየኝ» እንዲሉት፣ ፊደል ሲቆጥር በድምፁ ብቻ ሳይሆን በመጠቆምም እንዲመዘን፣ የሚያሾፉበትን መምህሩ እንዲያስቆም። በሁለት ቅጂ አዘጋጁት፤ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ ማኅተምና ቁጥር ያለበትን ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። «አይናገርም፣ ሲናገር አምጡት» ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ነው። ቀጣዩ በር የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የከተማው ትምህርት መምሪያ ነው። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ግቡ።

ከሁሉ በፊት ግን «ሽንቴ መጣ» የሚልበት ምልክት ይኑረው። አንድ እጅ ሆድ ላይ ማድረግ ይበቃል። በምልክት መግባባት ንግግርን አያዘገይም። ቤት ውስጥ ሳምንት ይለማመደው፣ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ጠዋት ደግሞ ለመምህርቷ ራሱ ያሳያት፤ ረዳቷም ትይ፣ ዕረፍት ሰዓት ላይ በሩ ጋ የምትቆመው ብዙውን ጊዜ እሷ ናትና።