አንቲቫይረሱ ዜሮ ሲለኝ ኮምፒውተሬ ለሌላ ሰው ይሠራ ነበር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት እሠራለሁ። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ዊንዶውስ ደጋግሜ መጫን ሲሰለቸኝ ኡቡንቱ ወደሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ዞርኩ። ክላምኤቪ የሚባለውን ነጻ አንቲቫይረስ ጨመርኩና አርፌ ተኛሁ።

ከዚያ ጥገና የሚሠራልኝ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሲበላሽ ከቤቴ ሆኜ እንዳየው ኤስኤስኤች ልክፈትልዎት» አለኝ። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ መንገድ ነው። ሞደሙ ላይ ፖርት፣ ማለትም ከኢንተርኔት መግቢያ በር ከፈተ። «ቴስት» የሚል ተጠቃሚ ፈጥሮ የአስተዳዳሪ መብት ሰጠው። የይለፍ ቃሉም «ቴስት»! «በኋላ እንቀይረዋለን» አለ። እሺ ያልኩት እኔው ነኝ፣ አሁንም ያበሽቀኛል።

በሁለት ሳምንቱ የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀመረ። አቧራ መስሎኝ ከፍቼ ጠረግኩት። አንድ ገጽ ለማተም ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ «ቶፕ» በሚባለው፣ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝር ትእዛዝ ሳይ የማላውቀው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን 100 በመቶ ይዞታል። ዘጋሁት፣ በደቂቃ ተመለሰ። ደግሜ ዘጋሁት፣ ተመለሰ። ክላምኤቪ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትሽ አደረ። ጠዋት፦ የተበከለ ፋይል 0።

ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ ሱቅ ደወልኩ። «የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ይግዙ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም!

ነገሩ ሞኔሮ የሚባል ዲጂታል ገንዘብ በእኔ ኮምፒውተር ለሌላ ሰው የሚቆፍር ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሞችን በሰዓታቸው የሚያስነሣው ክሮን ውስጥ በየደቂቃው እንዲነሣ ታዟል። መስመሩን አጠፋሁና ድል አደረግኩ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። በሦስተኛው ቀን ፋኑ እንደገና ጮኸ። ሰብሮ የገባው ሰው ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባውን የራሱን የኤስኤስኤች ቁልፍ አስቀምጦ ኖሯል። የመግቢያ መዝገቡን ባየው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይገባኝ ነበር፤ ከየአገሩ የይለፍ ቃል ሲሞክሩ ነው የሚውሉት። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራና ራውተሮችን የወረረው ከፋብሪካ የመጡበት የይለፍ ቃል ስላልተቀየረ ነው። እነሱም ሊኑክስ ነበሩ።

ዲስኩን አጽድቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ፖርቱን ዘጋሁ፣ ዝማኔ በራሱ እንዲገባ አደረግኩ። ክላምኤቪን ግን አላጠፋሁትም። በብዛት የሚያውቀው የዊንዶውስ ቫይረስ ስለሆነ የደንበኛን ፍላሽ እፈትሽበታለሁ፤ ከእኔ ቤት በሽታ ይዞ እንዳይሄድ። ሁልጊዜ ክፍት አድርጉት የሚሏችሁን ግን አትስሙ፣ ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ይበላል። የእኔ ማሽን ያለው 4 ነው።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ፖርቱን መልሼ እንድከፍትለት ጠየቀኝ። «ባጃጅ ይዘህ ና» አልኩት።