ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ባለቤቱ ዝም ይላል

በእኛ የፎቶ አፍቃሪዎች ስብስብ አንድ ደንብ አለ። ፎቶውን ያመጣው ሰው ሌሎቹ አይተው፣ ያዩትን ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ አንድ ቃል አይተነፍስም። የት እንዳነሳው፣ ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሄደ፣ ብርዱ እንዴት እንዳንቀጠቀጠው፣ በምን ሌንስ እንዳነሳው፣ ምንም አይናገርም። አዲስ ለሚመጣ ሰው ይህ ደንብ ይከብደዋል። ለሚያዩትም ይከብዳል። ሰው ሥራውን ሲያሳየን «በጣም ያምራል፣ በርታ» ብለን ማለፍ ለምደናል፤ ፊት ለፊት «ይህ ጥግ ምን እንደሆነ አልታየኝም» ማለት ይሉኝታ ያሲዛል። እኔ ግን ለፎቶ አፍቃሪ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ አለ ብዬ አላምንም።

ሁላችንም እንጀራችን ሌላ ቦታ ነው። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ጂኦግራፊ ያስተምራል፣ አንዱ ገና ተማሪ ነው፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በዕድሜ የሚበልጡን አባት በደርግ ዘመን ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የምናመጣው የመልክዓ ምድር ፎቶ ነው፣ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ፣ ሁልጊዜም በወረቀት የታተመ። የስልክ ስክሪን ራሱ ብርሃን ስለሚሰጥ ፈዛዛውን ፎቶ ሁሉ ያደምቀዋል። በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ፣ በፋይል መልክ ካልተላከ በቀር፣ ይጨመቅና ረቂቁ ነገር ይጠፋል። ወረቀት ላይ ግን ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ግራጫው ከግራጫው ካልተለየ ወዲያው ይታያል።

ነርሷ ከሰሜን ተራሮች ያመጣችውን ፎቶ ልንገራችሁ። ከእመት ጎጎ ጫፍ ላይ፣ 3,926 ሜትር ከፍታ፣ ወደ ቆላው እየተመለከተች ያነሳችው ነው። በግራ በኩል አንድ ጅብራ ቆሟል፣ ከፊት ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሸንተረር በሸንተረር ላይ ተደራርቦ እስከ አድማስ ይሄዳል። ሰማዩ በጣም ጠቁሯል፤ ደመናው ነጭ ሆኖ ይጮኻል። መጀመሪያ የተናገረው መምህሩ ነበር፦ «ዓይኔ ደመናው ላይ ሄዶ ቀረ። ገደሉ አልታየኝም።» ቀጥሎ ተማሪው «ተራሮቹ አንድ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ፣ የትኛው ቅርብ የትኛው ሩቅ እንደሆነ አልለየሁም» አለ። ነርሷ ከንፈሯን ነክሳ ትሰማለች። ተራዋ ሲደርስ የተናገረችው እንዲህ ነው፦ «እኔ እኮ እዚያ ስቆም ጉልበቴ ከድቶኛል። ያንን ጥልቀት ነበር ይዤ መምጣት የፈለግሁት።»

ያነሳው ሰው ፎቶውን በዓይኑ ብቻ አያየውም። በብርዱ፣ በድካሙ፣ በልብ ትርታው ጭምር ነው የሚያየው። እኛ ጋ የደረሰው ግን ወረቀቱ ብቻ ነው። እሷ ቀድማ ብትናገር ኖሮ ሁላችንም ጥልቀቱን እናየው ነበር፣ ምክንያቱም ነግራናለች። ዝም በማለቷ የጎደለው ነገር ታወቀ።

ለምን ጎደለ? ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስትለውጥ ኮምፒውተሩ ላይ የቀይ ፊልተር፣ ማለትም ሌንስ ፊት የሚደረግ ቀይ መስታወት፣ ውጤት የሚሰጠውን ምርጫ ተጠቅማለች። ቀይ ፊልተር ሰማያዊውን ያጠቁራል፤ ሰማዩ የገነነው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሩቅ ተራራን ከቅርብ ተራራ የሚለየው በመካከላቸው ያለው የአየር ጉም ነው፣ ያ ጉም ደግሞ ሰማያዊነት አለው። ሰማያዊው ሲጠቁር ጉሙም አብሮ ይጠፋል፤ ሩቁ ሸንተረር እንደ ቅርቡ ይጠቁርና ሁሉም አንድ ላይ ይጣበቃል። ሰማዩን አሳምራ ገደሉን አጣችው ማለት ነው። በሌላ ቀን ሰማያዊውን ከፍ አድርጋ ያሳተመችውን አመጣች። ሰማዩ ፈዘዘ፣ ደመናው ዝም አለ፣ ሸንተረሮቹ ግን አንዱ ከአንዱ እየነጣ፣ እየራቀ ወደ ኋላ ሄደ። ጅብራው ጠቁሮ ፊት ለፊት ቀረ። አበባ ያወጣ ጅብራ ከሰው ቁመት እንደሚበልጥ የሚያውቅ ሰው የገደሉን ስፋት ከእሱ ይለካል። ተማሪው አሁንም የመጀመሪያውን ሰማይ ይወዳል፤ እኔ ሁለተኛውን ቤቴ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ደስ ይለኛል።

ጋሼ ፎቶ የሚያዩት ገልብጠው ነው። ሁልጊዜ። ተራራው ከላይ፣ ሰማዩ ከታች ሲሆን ተራራነቱ ይረሳና የጥቁሩና የነጩ ክብደት ብቻ ይታያል፤ አንዱ ወገን ከከበደ ወዲያው ይታወቃል። እሳቸው ፎቶ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከፊልም ወደ ወረቀት በሚታተምበት ዘመን ይህን ሚዛን የሚያስተካክሉት በእጃቸው ነበር። ፊልሙን አጉልቶ ወረቀቱ ላይ ከሚያሳርፈው ማጉያ የሚወርደውን ብርሃን በመዳፋቸው እየከለሉ አንዱን ቦታ ያነጣሉ፣ ሌላውን ለተጨማሪ ሰከንዶች ለብርሃን እየተዉ ያጠቁራሉ። ዛሬ በኮምፒውተር ማውስ የምንጎትተው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ኮንትራስት (የጥቁሩና የነጩ ልዩነት) ይጨመርበት» ሲል ጋሼ «የቱ ላይ?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ ሁላችንም ተምረነዋል። የቱ ላይ እንደሆነ ሳይነገር የሚሰጥ አስተያየት ለባለፎቶው ምንም አይጠቅመውም።

ጥቁርና ነጭ የማይስማማው ፎቶም አለ፣ ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በመስከረም ሱሉልታ ሜዳ ላይ የተነሳ የአደይ አበባ ፎቶ መጥቶ ነበር። አደዩና ሣሩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሜዳው እንደ ተነጠፈ ኬሻ ጠፍጣፋ ሆኗል። ቢጫውን ብቻ ከፍ ማድረግ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን የክረምት ሣር አረንጓዴው ውስጥ ብዙ ቢጫ ስላለ ሣሩም አብሮ ይነጣል። የኔ አስተያየት አጭር ነበር፦ ይህ በቀለም ይቅር። በጥቁርና ነጭ ከተፈለገ አደዩን ከጀርባው የባሕር ዛፍ ጥላ ወይም ጥቁር ድንጋይ ባለበት መፈለግ ነው።

ስለ ብርሃን ብዙ አልልም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ረጅሙ ጥላ ቶሎ ይሰበሰባል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የተነሳ ሸለቆ ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚመጣው። ማልዶ መነሳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ባለሙያዎች የወጣቶችን ሥራ ቁጭ ብለው የሚያዩበት መድረክ ከፍቷል፤ ለአገራችን ፎቶግራፍ ትልቅ ነገር ነው። ግን እንዲህ ያለ መድረክ በየወሩ አይገኝም፤ በየሰፈሩ አንድ ጠረጴዛና አምስት ስድስት ቅን ዓይን ቢኖር እመኛለሁ።

በቅርቡ ያከራከረን ፎቶ የተማሪው ነው። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ፣ ውሃው ወደ ጀማ ከዚያም ወደ ዓባይ ከሚወርደው ሸለቆ አፋፍ ላይ የተነሳ። ጠዋት ነው፣ ገደሉ ገና በጥላ ውስጥ ነው፣ በአፋፉ ጠባብ መንገድ ላይ ጋቢ የለበሰ አንድ ሰው ይሄዳል። በጣም ትንሽ ሆኖ ይታያል። አብዛኞቻችን «ሰውዬው ባይኖር የገደሉ ግዝፈት አይታወቅም ነበር» ብለን አደነቅን። መምህሩ ግን «እኔ ነጭ ነጥብ ነው ያየሁት። ሰው መሆኑን የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለ።

ቀረብ ብለን ስናይ እውነቱን ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ያረፈበትን ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ ነገር አድርጎ ነው የሚገምተው። ፍሬሙን የሞላው በጥላ የዋለ ገደል ስለሆነ ካሜራው ገደሉን ግራጫ ለማድረግ ብርሃን ጨመረ፤ ጋቢው ከመጠን አለፈና ባዶ ወረቀት ሆነ። እጥፉ የለም፣ ጥለቱ የለም፣ ትከሻው የለም። እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ አሜሪካውያኑ ፎቶ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር ብርሃንን ከድፍን ጥቁር እስከ ድፍን ነጭ፣ ከ0 እስከ 10 ከፍለው ያስቀመጡት ሥርዓት ለዚህ ነው የሚጠቅመው፦ ጋቢው እጥፉ እንዲታይ 8 አካባቢ እንጂ 10 ላይ መውደቅ የለበትም። አንድ ስቶፕ ቀንሶ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ አሳንሶ፣ ፎቶውን ማንሳት፣ ጥላውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማድመቅ ይቻላል።

መምህሩ ግን ነገሩ የቴክኒክ ብቻ አይደለም ይላል። «ሰውዬው ወደ ገበያ ይሁን ወደ ጸበል የሚሄድበት ጉዳይ አለው። እኛ የገደሉ መለኪያ አደረግነው።» ጋሼም ጨመሩ፦ ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ክራቫቱን አስተካክሎ፣ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ራሱ መርጦ ነበር የሚቀመጠው፤ ይህ ሰው ግን አልተጠየቀም። ተማሪው በበኩሉ ከዚያ ርቀት መጠየቅ እንዴት ይቻላል ብሎ ተከራከረ፣ እሱም ልክ ነው።

ደግነቱ ያነሳው በሮው (RAW)፣ ካሜራው የያዘውን ብርሃን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ ፋይል፣ ስለሆነ ነጩ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ብርሃኑን ቀንሶ፣ አጥቁሮ እንደገና አሳተመው። አሁን የጋቢው እጥፍ ይታያል፣ ትከሻው ላይ ያጋደመው ዱላም ይታያል፤ ገደሉ ትንሽ ጨልሟል። መምህሩ ሰውዬው የሌለበት ቅጂ እንዲመጣም ጠይቋል፣ ተማሪው ደቂቃ ቆይቶ ያነሳው ባዶ መንገድ ስላለው በሚቀጥለው ሁለቱንም ጎን ለጎን እናያቸዋለን። የእኔ ድምፅ ሰውዬው ላለበት ነው፣ ዱላው የሚታይበት ቅጂ ከሆነ ብቻ። ነጥቡ ያለበት የመጀመሪያው ግን ግድግዳ ላይ እንዳይወጣ እከራከራለሁ።