ጫካ ውስጥ ለሚታደርበት የጥበብ ፌስቲቫል ከጅማ ስትነሱ

በጎ ፈቃደኞች የሚያሰናዱት፣ ድንኳን ተተክሎ ጫካ የሚታደርበት ፌስቲቫል ላይ ደንበኛ የሚባል የለም። በር ላይ የሚቆመውም፣ ጀሪካን የሚያመላልሰውም፣ ሌሊት ጥበቃ የሚያድረውም ደመወዝ የለውም፤ እንደናንተው ሥዕል ሊያይ፣ ከበሮ ሊሰማ የመጣ ሰው ነው። ውሃ የረሳ፣ ብርድ ልብስ ያልያዘ ሰው ሮጦ የሚገዛበት ሱቅ ስለሌለ ጣጣው የሚወድቀው እነዚሁ ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ቻሉ፣ ጥበቡ ከዚያ ይደርሳል።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው የዝግጅት ዝርዝሮች አብዛኞቹ ለበረሃ የተጻፉ ናቸው። የአሜሪካው በርኒንግ ማን ፌስቲቫል በፈረንጆቹ 1986 ሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢጀመርም በኋላ የተሻገረው ወደ ኔቫዳ በረሃ ነው፤ ከፈረንጆቹ 2007 ጀምሮ የሚካሄደው የደቡብ አፍሪካው አፍሪካ በርንም ታንክዋ ካሩ በሚባል ደረቅ ምድር ላይ ነው። የአቧራ መነጽር ያዙ የሚለው ምክር ለእነሱ ይሠራል። ጅማ አካባቢ የሚያስቸግረው እርጥበትና የሌሊት ብርድ ነው።

ስለ ወቅቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ በጋው ግን እንደ ሰሜኑ የለየለት በጋ አይደለም፣ ጥር ላይም ካፊያ ይጥላል። ጥቅምትና ኅዳር ዝናቡ ቢቀንስም የቡና ለቀማ ነውና ጫካው የሥራ ቦታ ነው፤ እንግዳ ባይበዛበት ይመረጣል። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ የተሻለ ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ጫካው ደግሞ ባለቤት አለው። በሸቤ በኩል ባለው በበለጠ ጌራ ደን ለምሳሌ ዋቡብ የሚባሉ የነዋሪዎች የደን አስተዳደር ማኅበራት አሉ። ፈቃዱን የሚጨርሱት አዘጋጆቹ ቢሆኑም እናንተም የማን ቡና ሥር እንደምትተኙ ጠይቃችሁ እወቁ።

አሁን ወደ መጠለያው። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው 4 በ5 ሜትር የሆነ ሸራ፣ ከስሩ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ 20 ሜትር ያህል ናይለን ገመድ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና 12 ካስማ ይበቃል። ካስማውን ከወደቀ እንጨት እዚያው እንጠርባለን አትበሉ፤ የወደቀ እንጨት ብዙ ጊዜ የበሰበሰ ነው፣ መዶሻ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስትወጡ ከብረት ቤት ቆርጣችሁ ያዙ፤ ባለ 8 ቁጥር ፌሮ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ጫፉ ከታጠፈ ግሩም ካስማ ነው።

ገመዱን በሁለት ዛፍ መሃል ወደ 1.8 ሜትር ከፍታ ወጥሩና ሸራውን ላዩ ላይ ጣሉት። የቡና ግንድ ላይ አትሰሩ፤ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ግንዱም ይጎብጣል። ዋንዛ ወይም ሰሳ ፈልጉ፣ ገመዱና ቅርፊቱ መሃልም የታጠፈ ጨርቅ አግቡ። ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ መኖር አለመኖሩን ሳታዩ አትትከሉ። ባሕር ዛፍ ስር ደግሞ ነፋስ ባይኖርም ባትተኙ ይሻላል። ሾላ ስርም ፍሬው ሲደርስ ጦጣው ከነጋ ጀምሮ ፍሬውን ያወርድባችኋል።

ዝናብ ሲጥል ውሃው ገመዱን ይዞ እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ ይገባና ልክ ራሳችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ሸራው የተቀደደ ይመስለዋል። መፍትሔው ከሸራው ጠርዝ አንድ ክንድ ቀደም ብሎ ገመዱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ማሰር ነው፤ ውሃው ጨርቁን ተከትሎ መሬት ይወርዳል። የርካሽ ሸራ ሌላው ችግር ዳሩ ላይ ያሉት ቀለበቶች በመጀመሪያው ነፋስ መነቀላቸው ነው። ያኔ ከማዕዘኑ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ክብ ጠጠር ከስር አስቀምጡ፣ ሸራውን በጠጠሩ ዙሪያ ሰብስቡና አንገቱን በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ጠጠሩ ስለሚይዘው ሲባጎው አያመልጥም፤ ከፋብሪካው ቀለበት ይልቅ ይህ ይጠነክራል። ጠጠሩ ሹል ከሆነ ሸራውን ይበሳዋል፣ ስለዚህ ለስላሳውን ከወንዝ ዳር ምረጡ።

የሚነጠፈው ላስቲክ ከሸራው ጥላ ውጭ አንድ ጣት እንኳ መውጣት የለበትም። ከወጣ ከላይ የወረደውን ዝናብ ይቀበልና ፍራሻችሁ ስር ያስገባዋል። ዙሪያውን ቦይ መቆፈር የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ የዛፉንም የቡናውንም ሥር ይቆርጣል፣ ስለዚህ ይልቅ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። የተሠራ ድንኳን የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ግድግዳው በውስጥ በኩል ረጥቦ ብታገኙት ማፍሰስ አይደለም፤ ትንፋሻችሁ ነው። ነጠላ ልባስ ያለው ድንኳን ላይ ይብሳል። ዚፑን ከላይም ከታችም አንድ አንድ ስንዝር ክፍት ትታችሁ ማደር ነው።

ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚመጣው። ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አንዱን ከስሩ ያንጥፍ፣ ከዚያም በታች ሰሌን ይኑር። ጋቢ ደረቅ እያለ የሚስተካከለው የለም፤ ጥጥ ነውና ከረጠበ ግን እዚያ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀንም አይደርቅም። በድርብ ፌስታል ታስሮ ማታ ብቻ ይውጣ። የሚተኛበትን ልብስ ለብሶ እሳት ዳር ማምሸትም ያው ነው፣ በጤዛ ይርሳል። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ግን ምንም ያህል ቢበርድ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ውሃ በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር አስቡ፤ 3ቱ ለመጠጥ፣ 2ቱ ለማብሰያና ለመታጠቢያ። ለሦስት ቀን 15 ሊትር ነው፤ 20 ሊትር ጀሪካን ብትሞሉ 5 ሊትር መጠባበቂያ ይተርፋል። ችግሩ ሸክሙ ነው። መኪና ከሚቆምበት እስከ ካምፑ ያለው መንገድ ለባጃጅ ካልሆነ 20 ኪሎ በአንድ እጅ አይሄድም፤ ሁለት ባለ 10 ሊትር ይሻላል። የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ የፀረ ተባይ ወይም የነዳጅ የነበረ ግን ለመጠጥ በጭራሽ። የምንጭ ውሃ ከቀዳችሁ አፍሉት፤ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ቦታው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ።

ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጫካው ከፍ ባለ ቁጥር ይህም ይወርዳል። ባቄላና ሽምብራ በፍሬው ይዞ የሚሄድ ሰው ግማሽ ከረጢት ከሰል ጨርሶ ጥሬውን ይበላል። ሽሮ ያዙ፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ 50 ግራም በቂ ነው። ክክ ምስርም ቶሎ ይበስላል። እንጀራ በዚያ እርጥበት ከሦስተኛው ቀን በኋላ ስለሚሻግት የመጀመሪያውን ቀንና ሁለተኛውን ብቻ አስቡት፣ ለቀሪው ድርቆሽ ወይም ቂጣ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ እሳት አይፈልጉም። ጭኮ ካላችሁ ደግሞ ምን ጎደላችሁ።

የጋራ ድስት ላይ ሥጋ ይቅር። ካምፑ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ ማን አረደው የሚለው ጥያቄ ከተነሳ ግማሹ ሰው ጦሙን ያድራል። በዘይት የተሠራ ሽሮ የጾመውንም ያልጾመውንም ያበላል።

ቡና ደግሞ እንደናንተ ካለ ከጅማ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል፣ ይህን እወቁት። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ክብደቱን ያጣል፤ ለሲኒ 8 ግራም ከታሰበ ከአቦሉ ብቻ 100 ሲኒ ገደማ ይወጣዋል። ለሦስት ቀን ሰፈራችሁን ለማጠጣት ይኸው ይበቃል። ጀበናው የሚሰበረው በብዛት መንገድ ላይ፣ አንገቱ ጋ ነው፤ በልብስ ጠቅልላችሁ ባልዲ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ማቶቱ እንዳይረሳ።

ሥራ ይዛችሁ የምትሄዱ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች፣ ቺፕውድ ቤት ይቅር። በአንድ ሌሊት ጭጋግ ጠርዙ እንደ ዳቦ ያብጣል። ኮምፔንሳቶ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ጠርዙ ሁለት ጊዜ ቀለም ካልተቀባ በዚያው ነው ውሃ የሚገባው። ማያያዣው ሚስማር ሳይሆን ቡሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው ይሁን፤ በሚስማር የተገጠመ ሥራ ሲፈርስ ይሰበራል፣ የተረፈው ሚስማርም የሰው እግር ይወጋል። ዳዶ ቅጠል ውስጥ ከወደቀ አይገኝምና ከልኩ በላይ አራት አምስት ያዙ። ሙሉ ሥራውን ቤት አንድ ጊዜ ግጠሙት፣ ክፍሎቹ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ከዚያ ፍቱት። አንዱ ክፍል ከ1 በ2 ሜትር ከበለጠ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ያስቸግራል። ዛፍ ላይ ምንም አይመታም፣ ምንም አይቀባም። ብልጭልጭና ትናንሽ ወረቀት መበተንም አይሆንም፤ ቅጠል ውስጥ ከገባ ማንም አይለቅመውም። ብሩሽ ወንዝ ውስጥ አይታጠብም፤ በባልዲ ታጥቦ፣ ዝቃጩ በጨርቅ ተጣርቶ ወደ ቆሻሻ፣ ውሃው ከወንዙ 60 ሜትር ርቆ ይደፋ።

መብራት የሚያጠፋባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ሶላር ጥላ ውስጥ አይሞላም፤ ሙሉ ቀን ዛፍ ስር የዋለ ሶላር ፋኖስ ማታ ከአንድ ሰዓት በላይ አያበራም፣ ስለዚህ ገላጣ ቦታ የሚያስቀምጠው ሰው ተራ ይያዝ። ሁለተኛው ፓወር ባንክ ነው። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው በተግባር 30 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ 5 ዋት የሚበላ የኤልኢዲ ገመድ ለ6 ሰዓት ያበራል ማለት ነው። ነገር ግን ገመዱ በጣም ትንሽ የሚበላ ከሆነ ብዙ ፓወር ባንኮች ምንም ያልተሰካባቸው መስሏቸው በሰከንዶች ውስጥ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ዕቃው አልተበላሸም። ሁለት ገመድ አንድ ላይ ስኩበት፤ ይህንንም ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ለአንድ ሙሉ ሰዓት አብርታችሁ ሞክሩት። ሞንታርቦና ጄኔሬተር ግን ይቅሩ። ጫካው ዳር የሚተኛ ገበሬ አለ፣ ንጋት ላይ ለሶላት የሚነሳም አለ።

ቦቲ ጫማና ረጅም ሱሪ ለሳማውም ለመዥገሩም ይሆናል። አጎበር አትተዉ፤ ጅማ ዞን ዝቅ ባሉት ቦታዎች ወባ አለ። ምግብ ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ይቀመጥ፤ ዝንጀሮና ጦጣ ፌስታል ምን እንደሚይዝ ያውቃሉ፣ ድንኳኑን ቀድደው ነው የሚገቡት። የቆዳ ጫማ ውጭ ካደረ ጅብ ይወስደዋል። የጉንዳን መስመር ወደናንተ ከመጣ ከእሱ ጋር ግብግብ አትግጠሙ፣ ድንኳኑን አንሱ። ሽንት ቤት ካልተቆፈረ ከውሃ 60 ሜትር ርቃችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ፣ ከላዩ አመድና አፈር።

የሥራ ተራ ስትመዘገቡ የመጨረሻውን ቀን ምረጡ። ለመክፈቻው ሁሉም ስሙን ይጽፋል፤ ማፍረሻው ላይ አምስት ሰው ይቀራል። ተራችሁ ሲነገራችሁ ሰዓቱ በኛ ነው ወይስ በፈረንጅ ብላችሁ አረጋግጡ፤ ከውጭ የመጣ ሰው ካለ በዚህ የተነሳ በር ላይ ማንም የማይቆምባቸው ስድስት ሰዓታት ይፈጠራሉ።

ለቆሻሻ በቡድን ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ያዙ፣ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለሌላው። ማሸጊያውን ቤት አራግፋችሁ ከሄዳችሁ አንዱ እንኳ አይሞላም። የጫት ገረባ ቅጠል ነው ይበሰብሳል የሚል ክርክር በየካምፑ ይነሳል። ጫቱ የተጠቀለለበት ኮባ ይበሰብሳል፤ ገረባው ግን ወራት ይወስዳል፣ ከሱ ጋር የመጣው ፌስታል ደግሞ እዚያው ይኖራል። ሁሉም ከታሰረ በኋላ ክንድ ለክንድ ተራርቃችሁ ተሰለፉና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግር አቋርጡት፤ የሲጋራ ቁራጭ፣ የሲባጎ ጫፍ፣ የጠፋው ዳዶ የሚገኘው ያኔ ነው።

ቤት ስትገቡ ድንኳኑንና ሸራውን እንደታጠፈ አታስቀምጡ። የዚያኑ ቀን ሽቦ ላይ ሰቅላችሁ ስፌቱ እስኪደርቅ ተዉት፤ ጨርቁ የደረቀ መስሎ ስፌቱ እርጥብ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል፣ ውሃ የሚከላከለው ቅባትም ይላጣል። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማችሁም ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የወባ ምርመራ አድርጉ፣ ጫካ እንዳደራችሁም ንገሯቸው።