ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት

ሞተር ሲንቀጠቀጥ አዳማ ላይ ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ካንዴላ ቀይሪ!» (ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰው ዕቃ ነው።) የሰፈራችን ጥበቃ እንዲህ አለኝ። የባጃጅ ሾፌሩም እንዲህ አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ ድምፁን በስልክ ሰምቶ ያንኑ ደገመልኝ። አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ። እኔ ግን ጥፋተኛው ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት አይዋጥልኝም፤ በዚህ የመለዋወጫ ዋጋ ደግሞ ጭራሽ።

መኪናዬ የ2003 ሞዴል ያሪስ ናት። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1.3 ሊትር። ጠዋት ለሥራ ወንጂ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ምንም አትልም ነበር። ሽቅብ ወደ አዳማ ስመለስ ግን ጉልበት አጣች። ነዳጅ ስረግጥ ትቆራርጣለች። ትራፊክ ይዞኝ ስቆም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልረግጥ) መሪው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ የቤንዚን ሽታም አለ።

ጎረቤታችን ጋሼ በጉብዝናቸው ጊዜ በኤንትሬ የጭነት መኪና አሰብ ድረስ ይመላለሱ ነበር። ኮፈኑን እንኳን ክፈቺ አላሉኝም። ጭስ ማውጫው ጋ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ጠጋ አደረጉ። የሚወጣው ጭስ ፉት ፉት ሲል በየመሃሉ አንድ ይዘላል።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ መኪና እኮ በሦስት ነው የምትሠራው» አሉኝ። «አንዱ ተኝቷል። የቱ እንደሆነ በጆሮ አይለይም፤ ፈልጊው።»

መቼም አንድ ሲሊንደር (ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል) የሚተኛው ከሦስት ነገር አንዱን ሲያጣ ነው፦ እሳት፣ ነዳጅ ከነአየሩ፣ ወይም ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ያንን ድብልቅ የሚያምቅበት ግፊት። በቀላሉ የሚፈተሸው እሳቱ ስለሆነ ከዚያ ይጀመራል።

መጀመሪያ ግን ዳሽቦርዱን እዩ። ቼክ ኢንጂን መብራቱ በርቶ ከቆመ ቀስ ብላችሁ ቤት ትደርሳላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጅ ቀንሱ፣ ሩቅም አትንዱ። ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ካታሊስቱን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። (እስካሁን ካልተነቀለ ማለቴ ነው።)

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ ትንሽ የብልሽት ኮድ ማንበቢያ አለችኝ። ከመሪው ሥር ትሰካለች። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ቪትዞች (ያሪስ እዚያ የምትጠራበት ስም ነው) ላይ አልገናኝም ትላለች፤ የእኔ ላይ ግን ሠራች። ፒ0302 አለችኝ። የመጨረሻዋ ቁጥር ሲሊንደሩን ትናገራለች፤ ፒ0301 አንደኛው፣ ፒ0304 አራተኛው ነው። ያሪስ ላይ አንደኛው የሚባለው በቺንጋው (በቀበቶው) በኩል ያለው ነው። ፒ0300 ብቻውን ከመጣ ግን ችግሩ ካንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። ያኔ መጀመሪያ ነዳጁን ጠርጥሩ፤ በተለይ የማደያው ሰልፍ ሰልችቷችሁ በሃይላንድ የሚሸጠውን ከቀዳችሁ። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦም እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱ ሲያፏጭ ይሰማል።

ማንበቢያ ለሌለው የድሮው ዘዴ አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ የአንዱን ሲሊንደር ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) ሶኬት ንቀሉ። አስነሡና አዳምጡ። ሲሊንደሩ ደህና ከነበረ መንቀጥቀጡ ይብሳል። የተኛው ከሆነ ግን ለውጥ የለም፤ ድሮም አይሠራማ። መልሳችሁ ሰክታችሁ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። ለካንዴላው እሳት በሚልከው በኮይሉ ሶኬትም ይቻላል። ግን እሳት የሌለው ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚን መርጨት ስለሆነ፣ እጅ እስከደረሰ ድረስ እኔ ኢንጀክተሩን እመርጣለሁ። ሞተር እየሠራ ኮይል ነቅሎ እሳት ለማየት የሚሞክር ሰው አይቻለሁ። ከዚያ የሚወጣው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ አትሞክሩት።

አሁን ኮፈን እንክፈት። ሞተሩ ይብረድ። ኮይሎቹ እያንዳንዳቸው በአንድ ባለ 10 ብሎን ነው የታሰሩት። ሁለተኛውን ስስበው የታችኛው ጎማ ላይ የውሃ ምልክት አገኘሁ። ከጎኑ ደግሞ በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ላይ መድረስ ሲገባው በጎማው ላይ ሾልኮ ወደ ብረቱ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ውሃው ከየት መጣ? ከላቫጆ ነዋ! የአዳማ አቧራ የማይገባበት የለም። ኮፈን ስታስከፍቱ ሞተሩ ጭቃ መስሎ ይታያል፤ ልጆቹም ለሥራቸው ብለው በግፊት ውሃ ይለቁበታል። ሲጨርሱ ያበራል፣ ደስ ይላል። ውሃው ግን ኮይሉ የተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ጎማው አርጅቶ ከሆነ ያልቅለታል። ከእጥበት በኋላ የጀመረ መንቀጥቀጥ ካለ መጀመሪያ ኮይሎቹን አውጥታችሁ ጉድጓዱን አድርቁ፤ አንዳንዴ በዚያው ያበቃል። የእኔ አላበቃም።

ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱን በጎማ መንፊያ እፍ በሉት። አለበለዚያ አቧራው ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይወርዳል። ባለ 16 የካንዴላ ቁልፍ ነው የሚፈታው። ስትመልሱ በእጅ ጀምሩ። ተጣሞ ከገባ ጥርሱ የሚበላው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ነው፤ እዳው ከካንዴላ ጋር አይወዳደርም።

የወጣውን ካንዴላ በደንብ እዩት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን ይበዛበታል። ዘይት ከነካው ዘይት የሚያሾልክ ነገር አለ። ነጭ ከሆነ ሙቀት በዝቶበታል። የእኔ ሁለተኛው በቤንዚን ርሷል፤ ነዳጁ ይደርሳል፣ እሳት ግን የለም። ጫፉ ላይ እሳቱ የሚዘልበትን ክፍተትም ለኩ። ለዚህ ሞተር 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ተበልቶ ከሰፋ ኮይሉ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ካንዴላ ቀይሪ ያሉኝን ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልስቅባቸውም። የእኔዎቹ ግን ልካቸው ላይ ነበሩ።

ዋናው ፈተና የሚከተለው ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። የሁለተኛውን ኮይል ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ አድርጉ። ሌላ ምንም አትንኩ። ካንዴላም ኮይልም አንድ ላይ ካዟዟራችሁ ማን እንዳጠፋ አታውቁም። ኮዱን አጥፉና ሽቅብ ንዱ፤ ሞተር ጫና ሲበዛበት ነው ድክመቱ የሚታየው። እኔ የወንጂን መንገድ ወርጄ ወጣሁ። ማንበቢያዋ ፒ0303 አለች። ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል።

ለጋሼ ስነግራቸው «ታዲያስ! አራት ካንዴላ ልትገዢ ነበር» አሉኝ። «ኧረ እኔ መች አልኩ ጋሼ፣ እነሱ ናቸው!» አልኳቸው። አንድ ኮይል ገዛሁ። ካንዴላዎቹ እስከ ዛሬ የድሮዎቹ ናቸው። ላቫጆ ስሄድ ደግሞ ኮፈን አላስከፍትም፤ የሞተሩን አቧራ ራሴ በጨርቅ እጠርጋለሁ።

ኮዱ ፒ0302 ላይ እንደቀረ ከሆነስ? ኮይሉ ነጻ ነው። ቀጥሎ ካንዴላውን በዚያው መንገድ አዟዙሩ፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን። ሦስቱም ተዟዙረው ጥፋቱ ካልተነቃነቀና ሽቦው ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን ማስለካት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የመኪናው መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር ዝቅ ቢል «ሞተርሽ አልቋል» የሚላችሁን ቶሎ አትመኑ። አራቱን እርስ በርስ አወዳድሩ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ በእሱ ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ያለቀው የፒስተኑ ቀለበት ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጋስኬት ይሆናል። ያ ደግሞ ግቢ ውስጥ የሚፈታ አይደለም፤ ጋራዥ ውሰዱት።