የምፈራው ቅዳሜና እሁድን ነው

ለንደን ውስጥ ምን እንደምሠራ ለዘመዶቼ ማስረዳት ካቆምኩ ቆይቷል። «ኮምፒውተር ነው» ብዬ አልፋለሁ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጣ ያደረ ጊዜ ግን ስልኬ አላርፍ አለ። «ሀከር ገብቶ ነው አይደል?» ይሉኛል። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ሲስተም ሲሻሻል የተፈጠረ ችግር መሆኑን ሲናገር አክስቴን «የኔ ሥራ እንግዲህ እሱ ነው» አልኳት።

«ብር ማስወጣት?» አለችኝ።

መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ሲስተም ጥለው ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራይ የሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር) ሲሄዱ፣ ሌላ ድርጅት ሲገዙ ወይም የደንበኛ አገልግሎታቸውን ለውጭ ኩባንያ ሲሰጡ እኔ የመረጃ ደኅንነት አማካሪ ሆኜ ፕሮጀክቱ ውስጥ እቀመጣለሁ። የሰው መረጃ በዚህ መሃል የት ነው የሚያድረው? ማን ያየዋል? እያልኩ ስጠይቅ ነው የምውለው። የሆቴል ኩባንያው ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላውን የሆቴል ኩባንያ ስታርዉድን ሲገዛ ከ2014 ጀምሮ በስታርዉድ ሲስተም ውስጥ የተደበቀውን የመረጃ ሌባም አብሮ ገዝቶታል። የተነቃበት በ2018 ነው።

አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የገጠመኝን ላውራችሁ። ስሙ ይቅር። የደንበኞችን የካሳ ፋይል በሙሉ ወደ አዲስ ሲስተም ሊያዛውሩ ነው። የካሳ ፋይል ማለት የሰው የሕክምና ማስረጃ፣ የባንክ ቁጥር፣ አንዳንዴም የቤት ውስጥ ጉድ ማለት ነው። ፕሮጀክት ማናጀሩ ለሙከራ የእውነተኛ ደንበኞችን መረጃ እንዳለ ገልብጠን እንጠቀም አለ። ስሙን ለውጦ፣ ቁጥሩን ሸፍኖ ማዘጋጀት ጊዜ ይፈጃል፤ የሙከራው ሲስተም ደግሞ ለአቅራቢው፣ ማለትም አዲሱን ሲስተም ለሚያቀርበው የውጭ ኩባንያ፣ ሠራተኞች ሁሉ ክፍት ነው። በዚያ ላይ ሠራተኞች ወደ ሲስተሙ የሚገቡባቸው የድሮ አካውንቶች ሳይጣሩ እንዳሉ ሊሻገሩ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ፤ በዕድሜም ከሁሉም አንሳለሁ። ያደግሁት ደግሞ ታላቅን በሰው ፊት መቃወም ነውር በሆነበት ቤት ነው። እንግሊዞችም በአደባባይ ግጭት አይወዱም፤ ፈገግ ብለው ጉዳይህን ለሌላ ቀን ያሳድሩታል። እኔም «አይሆንም» አላልኩም። አማካሪ ነኝ፤ መከልከል ሥልጣኔ አይደለም። «ይህን ሪስክ አውቄ ተቀብያለሁ» የሚል ቅጽ አዘጋጅቼ ማን እንደሚፈርም ጠየቅሁ።

ፕሮጀክት ማናጀሩ ዳይሬክተሯን አየ። ዳይሬክተሯ ወረቀቱን አየች።

ለምን እንዳመነታች ይገባኛል። እዚህ አገር ባንክ ውስጥ የሠራ ሁሉ የቲኤስቢ ባንክን ታሪክ ያውቃል። ሚያዝያ 2018፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ባንኩ ከሌላው ባንክ ከሎይድስ ሲስተም ወጥቶ ወደ አዲሱ ሲሻገር፣ ያውም ሥራ ቀዝቀዝ የሚልበትን ቅዳሜና እሁድ ጠብቆ፣ እስከ 1.9 ሚሊዮን ደንበኛ ሒሳቡን መክፈት አቃተው። ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው ታኅሣሥ ላይ ነው። በ2022 ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። በዓመቱ ደግሞ የቀድሞው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኃላፊ በግሉ፣ ከራሱ ኪስ፣ 81,620 ፓውንድ እንዲከፍል ተወሰነበት። ከጥፋቶቹ ዋነኛው የአቅራቢውን ዝግጁነት በአግባቡ አለማረጋገጡ ነበር። ሀከር የሚባል ነገር ታሪኩ ውስጥ የለም።

አልፈረመችም። የሙከራው መረጃ ተሸፍኖ እንዲዘጋጅ ተባለ፤ ቀኑም ተገፋ። አካውንቶቹ ሲጣሩ ከለቀቁ ዓመታት ያለፋቸው ሠራተኞች ስም ተገኘ፤ አንዳንዱ እስካሁን ክፍያ ማጽደቅ የሚያስችል ፈቃድ አለው! ፕሮጀክት ማናጀሩ ከዚያ ወዲያ ሻይ ሲያፈላ አይጠይቀኝም ነበር፤ ይህ ለእንግሊዛዊ ከባድ ቅጣት ነው። ሲስተሙ ያለ ኮሽታ ሥራ ጀመረ። በምስጋናው ኢሜይል ላይ የእኔ ስም አልነበረም፤ ኮንትራቴም ብዙ ሳይቆይ አለቀ።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ሰርተፍኬቱን ውሰዱ፣ ቃለ መጠይቅ ያስገባል። ከዚያ ግን ውል ማንበብ ልመዱ። እዚህ ሕጉ ድርጅቱ መረጃ መሹለኩን ካወቀ በኋላ ለመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ 72 ሰዓት ይሰጠዋል። አቅራቢው ለድርጅቱ በስንት ሰዓት መናገር እንዳለበት ግን ቁጥር አይጠቅስም፣ «ሳይዘገይ» ብቻ ነው የሚለው። እኔ 24 ሰዓት ይጻፍ እላለሁ። የአቅራቢው ጠበቃ 48 ይላል። አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ የምንከራከረው በዚያች ቁጥር ላይ ነው።